የጋሽ ተካ በርሜልና አሥራ ስድስቱ ምልክቶች

የሥራ ዘመናቸውን ትዝታ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጡረታዬ ገና ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ሥራ ጨርሼ ሌላውን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ያለቀውም ሥራ ተመልሶ የሚመጣ አይደለም። አሁን ልደታ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ለስምንት ዓመት፣ ውሃ ውስጥ ጠልቃ ቪዲዮ የምትቀርጽ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ያለችበት ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበርኩ። ሌንሷን የማጸዳው፣ ኮምፓሷን የምፈትሸው፣ ግድብ ላይ ስንሄድም በኬብል የምነዳት እኔ ነበርኩ።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ቲቸር፣ ባሕር በሌለበት አገር ሰርጓጅ መርከብ ይነዱ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። «ሰርጓጅ መርከብ አይደለችም፤ የሰርጓጅ መርከብ ታናሽ እህት ናት» አልኩት። ከዚያ ደወል እስኪደወል ስለ እሷ ሳወራ ቆየሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያላወራሁት ካወራሁት እንደሚበልጥ ገባኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ወርክሾፓችን አብነት ነበር፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ የብረት በር ሠሪና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል። በሩ ላይ የቅየሳና የዕይታ መሣሪያዎች ጥገና የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳውን ያየ መንገደኛ ሁሉ መነጽር የሚጠገንበት ቤት ይመስለዋል። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ፋይላቸውን በብብታቸው አድርገው፣ እግሩ የወለቀ መነጽር በእጃቸው ይዘው ይገባሉ። ጋሽ ተካ አንዱንም መልሰው አያውቁም። ከቆርቆሮ ጣሳቸው ውስጥ የምትስማማውን ብሎን ፈልገው ያስሩና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ዳኛውን ደህና አድርገው ይዩት» ብለው ይሸኛሉ። ክፍያ ሲባሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ጋሽ ተካ አለቃዬም አስተማሪዬም ነበሩ። አገራችን ባሕር በነበራት ጊዜ በጦር መርከብ ላይ የመነጽርና የኮምፓስ ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል። በወጣትነታቸው ለሥልጠና ውጭ አገር ተልከው የሰርጓጅ መርከብ ፔሪስኮፕ ፈትተው ገጥመዋል። ፔሪስኮፕ ማለት መርከቡ ከውሃ በታች ተደብቆ እያለ ከውሃ በላይ ያለውን የሚያይበት ረጅም ቱቦ ነው፤ በውስጡ ብዙ ሌንሶችና ብርሃንን የሚመልሱ መስታወቶች አሉ። «ጠብታ እርጥበት ከገባበት ጉም ይሠራል» ይሉኝ ነበር። «ጉም ከሠራ ካፒቴኑ ዕውር ነው። ካፒቴኑ ዕውር ከሆነ ስንት ሰው ዕውር ሆነ?» መልሱን ራሳቸው አይናገሩም፤ እኔ እስክናገር ይጠብቃሉ። የማስተማር ዘዴዬን ከየት እንዳገኘሁት ተማሪዎቼ አያውቁም።

የመጀመሪያውን ዓመት ሌንስ ከማጽዳት በቀር ምንም አላስነኩኝም። ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በጎማ ፊኛ አየር እየነፉ አቧራውን ማባረር፤ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፤ በመጨረሻ በቀጭን እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ አልኮል ነክሮ ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ መጥረግ። አንድ ጥጥ አንዴ ብቻ ነው ሌንስ የሚነካው። ሁለተኛ ከነካ የጠረገውን ቆሻሻ ይዞ ሌንሱን ይጭረዋል።

«ስንት ጥጥ ጨረስሽ?» ይሉኛል።

«ዘጠኝ።»

«ሌንሱስ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ደህና ነሽ» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ትልቁ ምስጋናቸው ያ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከመንገዱ በላይ ባለው የሐዲድ ድልድይ ላይ የከተማው ባቡር ሲያልፍ ጠረጴዛችን በስሱ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ከሁላችንም ቀድመው ይሰሙታል፤ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። በዚያን ጊዜ ማንም ብሎን አያዞርም፣ ማንም ቁጥር አያነብም። ባቡሩ ርቆ እስኪሄድ ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን እንቀመጣለን። ጣታቸው ሲወርድ ሥራ ይቀጥላል።

መሣሪያዋ የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ያመጣት የወርክሾፑ ባለቤት ኢንጂነር ዳንኤል ነበር፤ ፈጣን፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው። ግድቦች ከውሃ በታች ያለው አካላቸው መፈተሽ እንዳለበትና ለዚያም ሠራተኛ እንደሚፈለግ ሰምቶ፣ አካሏን በክፍል በክፍል ከውጭ አስመጣ። ስናያት ቢጫ፣ ድብልብል፣ ከሻንጣ የማትበልጥ ነገር ናት። ፊቷ ላይ እንደ ግማሽ ኳስ የወጣ ግልጽ መስኮት፣ ከበስተኋላው ካሜራ፣ በጎንና በጎኗ ሁለት መብራት፣ ስድስት ትንንሽ ሞተሮች አሏት። ስም ያወጣላት ጠላቂያችን ገዛኸኝ ነው። ገዛኸኝ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ነው። እኛ ከውሃ በታች የተበላሸ ነገር ስናገኝ ጠልቆ የሚጠግነው እሱ ነበር። መጀመሪያ ቀን ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ አይቶ፣ «ይቺማ ጉማሬ ናት፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው» አለ። ጉማሬ ሆና ቀረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት አለብኝ፤ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባም።

ውሃ ውስጥ ማየት ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የብርሃን ነው። ብርሃን ከውሃ ወጥቶ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል አየር ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ ስለዚህ አራት ሜትር ላይ ያለው ነገር ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። የጉማሬ መስኮት እንደ ግማሽ ኳስ የሆነው ለዚህ ነው፤ ካሜራው ልክ የኳሱ መሐል ላይ ከተቀመጠ ብርሃኑ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይገባል። «ልክ መሐል» የምትለዋን ቃል ለማሟላት ጋሽ ተካ ሦስት ሳምንት ፈጅተዋል፤ ካሜራውን በስስ ወረቀት እየደለደሉ ከፍ፣ በሌላ ወረቀት እየደለደሉ ወደ ግራ።

ሁለተኛው ችግር የት እንዳሉ ማወቅ ነው። ስልካችን ቦታችንን የሚነግረን ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ያ ምልክት ውሃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጉማሬ የት እንዳለች የምናውቀው በሦስት ነገር ነበር። ጥልቀቷን የውሃው ግፊት ይነግረናል። ርቀቷን በየሜትሩ ቀለም የተቀባው ኬብል ይነግረናል። አቅጣጫዋን ደግሞ ኮምፓስ። ጋሽ ተካ አብሯት የመጣውን ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ስላላመኑት፣ መኪና መስታወት ላይ ከሚለጠፈው ትንሽ የሚበልጥ በፈሳሽ የተሞላ ኮምፓስ መስኮቱ ውስጥ፣ ከካሜራው በታች ገጠሙባት። ስክሪኑ ላይ ከሥዕሉ ግርጌ የኮምፓሱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ እነሱን አንብበን አቅጣጫውን እንጽፋለን። የግድቦቻችን ውሃ ድፍርስ ነው፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ክንድ በላይ አያይም። ስለዚህ ከሥዕሉ ይልቅ የምንተማመነው በኮምፓሱ ነበር።

ኮምፓስ ግን አጠገቡ ባለ ብረትና ኤሌክትሪክ ይሳሳታል። መሳሳቱን ማጥፋት ካልተቻለ ስንት እንደሚሳሳት ማወቅ ይቻላል። መርከበኞች መርከባቸውን ቦታው ላይ አንድ ዙር አዙረው በየአቅጣጫው ያለውን ስሕተት ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ጋሽ ተካ ያንን ልማድ አብነት አመጡት። ከወርክሾፑ ጓሮ አናቱ የተቆረጠ ሰፊ ጥቁር የፕላስቲክ በርሜል ነበረን፤ ከንፈሩ ላይ በነጭ ቀለም አሥራ ስድስት ምልክት ተደርጎበታል። ውሃ ሞልተን፣ ጉማሬን አስጠልቀን፣ ሞተሩንም መብራቱንም አብርተን ከምልክት ወደ ምልክት እናዞራታለን። በየምልክቱ ሁለት ሰው ኮምፓሱን ያነባል። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት ይጽፋል፤ አሥራ ስድስቱ ሲያልቁ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ጮክ ብዬ መናገር ይቀናኝ ነበር።

«አትንገሪኝ» ይሉኛል ጋሽ ተካ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «አትንገሪኝ፣ ጻፊው።»

ካርዱ ግርጌ ላይ ሁሉም በርቶ የሚል መስመር ነበረ፤ ከእሱ ጎን ሁለታችን እንፈርማለን። በጉማሬ አካል ላይ አንዲት ብሎን እንኳ ከተቀየረች በርሜሉ እንደገና ይሞላል። ኢንጂነር ዳንኤል ሥራ ሲቸኩልበት፣ «ጋሼ፣ ትናንት አዙራችኋት የለም እንዴ?» ይላል። «ትናንት ይቺ ብሎን አልነበረችም» ይሉታል።

በስድስተኛው ዓመቴ አንድ ነገር ተለወጠ። በየትኛው ቀን እንደተለወጠ አላውቅም። በርሜሉ ዳር ቆመን እያነበብን፣ ጋሽ ተካ፣ «ስንት አለሽ?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ወስጄ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ጊዜም፣ «ስንት አለሽ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ «አትንገሪኝ» የሚለውን ቃል አልሰማሁም። መነጽር ሊያሠሩ የመጡ ሰዎችን ብሎን በጣታቸው እየዳበሱ ማሰር ጀመሩ። ኩባያቸውን ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ጠርዙን በእጃቸው ይፈልጉታል። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን አወቅሁ።

አልጠየቅኋቸውም። ዕድሜ ልኩን በዓይኑ የኖረን ሰው «አያዩም ወይ?» ማለት ነውር መሰለኝ። እንዲያውም እያገዝኳቸው መሰለኝ። ሳይጠይቁኝ ቁጥሩን ለራሴ እንደማንሾካሾክ አድርጌ፣ ግን እንዲሰሙ አድርጌ መናገር ጀመርኩ። እሳቸው ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ አንዲት ዲግሪ እንኳ ልዩነት የላቸውም። በፊት ሁልጊዜ እዚህም እዚያም የአንድ፣ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ነበረ። ያን ያህል መስማማታቸው ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

የዚያን ሰሞን ከአንድ ግድብ ሥራ መጣ። ውሃው ወደ ተርባይኖቹ የሚገባባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ግራና ቀኝ፣ በመካከላቸው የኮንክሪት ግድግዳ። ግድግዳው የሆነ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ውሃ ያሳልፋል። ጉማሬ ስንጥቁን ፈልጋ ታገኛለች፤ ገዛኸኝ ጠልቆ ይደፍነዋል። ሁለቱንም ጉድጓድ መዝጋት ኤሌክትሪክ ማቋረጥ ስለሆነ፣ የግድቡ ሰዎች የሚዘጉት ስንጥቁ ያለበትን ወገን ብቻ ነው። ሌላው ክፍት ሆኖ ውሃ ይስባል። እኛ የምንሰጠው አቅጣጫ ገዛኸኝ ወደ ተዘጋው ይሂድ ወይስ ወደ ሚስበው የሚለውን ይወስናል ማለት ነው።

ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ኢንጂነር ዳንኤል ጠንካራ መብራቶች ገዛ። እኔ ገጠምኳቸው። አዲሶቹ ሽቦዎች በኮምፓሱ ሥር አለፉ። በማግስቱ በርሜሉን ለመሙላት ወደ ጓሮ ስወጣ ባዶ ነበር። አብነት ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። በርሜሉ ውስጥ የነበረውን ከሁለት ቀን በፊት እኔው ራሴ ለጎረቤት ሴቶች ቀድቼ ሰጥቻለሁ፤ አራስ የነበረችበት ቤትም ነበር። መኪናው በነጋታው ንጋት ላይ ሊነሳ ነው። መብራቶቹ ደግሞ ውሃ ውስጥ እንዲቀዘቅዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አየር ላይ ከደቂቃ በላይ ከበሩ ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ጉማሬን በባዶው በርሜል ውስጥ አስቀምጬ፣ መብራቷን አጥፍቼ አዞርኳት። አሥራ ስድስቱንም አነበብኩ። ጋሽ ተካ አጠገቤ ቆመው፣ «ስንት አለሽ?» እያሉ ጻፉ። የሞተሮቹ ድምፅ ነበረ፤ መብራት ይብራ አይብራ አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም። ካርዱ ግርጌ ሁሉም በርቶ ከሚለው ጎን ፈረምኩ፤ እሳቸውም ጣቴ ያሳየቻቸው ቦታ ላይ ፈረሙ።  በስምንት ዓመት ውስጥ የጻፍኩት አንድ ውሸት እሱ ነው፤ ሦስት ቃል አይሞላም።

ግድቡ ላይ ነገሩ ሁሉ ደህና መስሎ ጀመረ። ጉማሬን ከብረት መሰላሉ ሥር ለቀቅኋት፤ ሃያ ሜትር ኬብል ላይ ስንጥቁን አገኘሁት። አቅጣጫውን አነበብኩ፣ ከካርዱ ጋር አስተያየሁ፣ ካርታው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ከግድግዳው በግራ በኩል። ግራው ተዘጋ። ገዛኸኝ ልብሱን ለብሶ፣ ገመዱ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ «ሰብሊ፣ ቤቱን በደንብ አሳይተሽኛል፤ ካጣሁት ስልክ እደውላለሁ» ብሎ ወረደ። ገመዱን የያዙት ጋሽ ተካ ነበሩ። መርከበኛ ስለነበሩ ገመድ ለማንም አይሰጡም።

ከአሥር ደቂቃ በላይ አለፈ። በኋላ እንደነገረን፣ ባልነው ቦታ ላይ ስንጥቅ አልነበረም፤ ልሙጥ ግድግዳ ብቻ። እየዳበሰ ወደ ቀኝ ፈለገ። ትንሽ ሄዶ የግድግዳውን ጫፍ ዞረ፤ ያን ጊዜ ውሃው ሳበው። የቀኝ እግሩ የጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ገባ።

እኔ ስክሪኑ ላይ ተተክዬ የማየው ጭቃማ ውሃ ብቻ ነበር። ጋሽ ተካ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ገመዱን በሁለት ጣት ይዘው ነበር። አራት ጊዜ ተሳበ። አራት ማለት አውጡኝ ነው። «ቀኙን ዝጉ» አሉ፣ ሳይጮኹ፣ ግን ሁሉም ሰው በሰማበት ድምፅ። «ቀኙን፤ አሁን።» የጉድጓዱ የብረት መዝጊያ እስኪወርድ ያለፈው ጊዜ ስንት እንደሆነ አልለካሁትም። ገዛኸኝ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ጉልበቱ ተጠማዟል። መጀመሪያ የተናገረው፣ «ሰብሊ፣ ቤቱን ቀየሩት እንዴ?» የሚል ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ኢንጂነር ዳንኤል ሁለቱን ወረቀቶች ጠየቀ። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ አንድ ዓይነት ናቸው። «ሁለት ሰው አንብቦ አንድ ዓይነት ካገኘ ስሕተቱ የእናንተ አይደለም» አለ። «ኮምፓሱ ነው። ብልሹ ነው የሸጡልን። አዲስ እንገዛለን።» ሪፖርቱን እንደዚያው ሊጽፍ ተነሳ።  እኔ ኬብሉን ጠቅልዬ መኪናው ላይ ጫንኩ፤ ስለ መብራቱ አልነገርኩትም።

ከሦስት ቀን በኋላ አብነት ውሃ መጣ። ሠራተኛው ሳይገባ ቀድሜ ሄጄ በርሜሉን ሞላሁ፤ ጉማሬን አስጠልቄ መብራቷን አበራሁ። የበራችበት ቅጽበት የኮምፓሱ ፊት ቀስ ብሎ ዞረ። አሥራ አራት ዲግሪ። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዙሪያው ማግኔት ይሆናል፤ ይህን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። አሥራ አራት ዲግሪ ማለት በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር መሳት ነው። በሃያ ሜትር አምስት ሜትር። ስንጥቁ ያለው ከግድግዳው በቀኝ በኩል ነበር።

ጋሽ ተካ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ሲገቡ አልሰማሁም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያዞርኳት ነው። መብራቷ በርቶ።»

ወደ በርሜሉ ቀረብ አሉ። «ስንት አለሽ?»

አፌ ላይ የነበረውን ቁጥር ዋጥኩት። «እርስዎ ያንብቡት፣ ጋሽ ተካ።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዘነበሉ። ባቡሩ አለፈ፤ ጣታቸውን አላነሱም። ቀና ሲሉ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በርሜሉ ይመለከቱ ነበር።

«አይታየኝም» አሉ። «ከክረምቱ ጀምሮ አይታየኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበረ። «እኔ ተደብቄ መስሎኝ።»

«እየረዳሁዎት መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ልጅቱ ትቸገራለች ብዬ ነበር። ሥራውን ከተውኩ ማን ያነብልሻል?» በርሜሉ ከንፈር ላይ ተደግፈው ቆዩ። «አየሽ፣ ሁለት ሰው የሚያነበው እንዳይስማማ ነው። እኛ ተስማማን።»

የቀረውንም ነገርኳቸው፤ ደረቁን በርሜል፣ የጠፋውን መብራት፣ ፊርማዬን። 

«ውሃውን ምን አደረግሽው?»

«ለጎረቤት ሰጠሁት። አራስ ነበረች።»

«እሱ ደግ ሥራ ነው» አሉ። «ካርዱ ላይ ‹ውሃ አልነበረም፣ መብራት አልበራም› ብሎ መጻፍ ግን ስንት ቀለም ይፈጅ ነበር?»

 ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አንስተው ለበሱ። «ነይ፣ ዳኒ ጋ እንሂድ። ክንድሽን ስጪኝ፤ ደረጃው አይታየኝም» አሉ። ይህን ሲሉ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ኢንጂነር ዳንኤል ሰምቶን ሲያበቃ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ሪፖርቱን እኮ ልኬዋለሁ» አለ። «ኮምፓሱ ነው ብያለሁ። አሁን ተመልሼ ሰዎቼ ናቸው ብል ማን ሌላ ሥራ ይሰጠናል? ጋሼ፣ አስቡበት እንጂ፤ የእርስዎም ስም አለበት።»

«ስሜማ አለበት» አሉ ጋሽ ተካ። «ኮምፓሱ ነው ካልክ ነገ አዲስ ትገዛለህ። አዲሱም እዚያው ሽቦ ላይ ይቀመጣል። ገዛኸኝም ጉልበቱ ሲድን እዚያው ጉድጓድ ይገባል። ያን ጊዜ ገመዱን ማን እንደሚይዘው አላውቅም።»

 ዳንኤል ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ «በሉ ከመጀመሪያው ንገሩኝ፤ ቀስ ብላችሁ» አለ። ሁለተኛው ሪፖርት እዚያው ተጻፈ። ከዚያ ግድብ ሌላ ሥራ አልመጣልንም። እኔ ለአራት ወር መስክ እንዳልወጣ ተደረገ፤ ቅር አላለኝም። ጋሽ ተካም የዚያን ወር ደመወዛቸውን ተቀብለው ሥራውን ተሰናበቱ።

ከሁሉ የከበደኝ ገዛኸኝ ቤት መሄድ ነበር። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። ነገሩን ሳልቀባባ ነገርኩት።

«እኔ እኮ ጉማሬ ዋሸችኝ ብዬ ተጣልቻት ነበር» አለ። «ለካ አንቺ ነሽ።»  ይቅርታ ጠየቅሁት። በመጨረሻ፣ «ሁለተኛ ካርዱን ራሴ ሳላነብ እግሬን ውሃ አላስነካም» አለ። ቃሉን ጠበቀ። ሲድን ከመጥለቁ በፊት በርሜሉ ዳር እየመጣ ሦስተኛው አንባቢ ሆነ፤ ደረጃ ሲወርድ ግን እስከዛሬ የቀኝ እግሩን ያስቀድማል።

ሽቦዎቹን እንደገና ሠራኋቸው። የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሽቦ እንደ ሹሩባ አጠላልፌ ጎነጎንኳቸው፤ እንደዚያ ሲሆን የአንዱን ማግኔትነት ሌላው ያጠፋዋል። ከኮምፓሱም አራቅኋቸው። አሥራ አራቱ ዲግሪ ወደ አንድ ወረደ። ካርዱ ላይ አንዷንም ጻፍኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዳንኤል ሌላ መሣሪያ ገዛ። ይቺ ኮምፓስ አያስፈልጋትም፤ በተጠቀለለ ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሁለት አቅጣጫ እየላከች፣ የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ አይታ መዞሯን ታውቃለች። ከሰርጓጅ መርከቦች የወረደ ጥበብ ነው፤ ማግኔት አያታልለውም። ጥሩ ነገር ነው፤ ገዛኸኝ ያለ ስጋት ይጠልቃል። የወርክሾፑ ቤትም ለልማት ፈረሰ። ዳንኤል አዲሱ ቢሮው እንድገባ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያው ሰሞን ለማስተማር አመልክቼ ነበር። ጉማሬንና በርሜሉን ለትምህርት ቤቱ ሰጠን። ጓሮ ውስጥ ካለው የቧንቧ ውሃ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ነጩ ቀለም አሁንም አልለቀቀም።

ጋሽ ተካ ለሁለቱም ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። የሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ቀድመው ቢሄዱ ቀድመው የሚድኑት። ባለፈው ሳምንት ልጁ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ከጠየቀኝ በኋላ ደወልኩላቸውና ሐሙስ ዕለት መጡ። ተማሪዎቹ በርሜሉን ከበቡ። ጉማሬን አስጠልቄ አበራኋት። አንደኛው ምልክት ላይ ቆመች። ቁጥሩን እንዳየሁ ለክፍሉ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ የመምህር ልማድ ነው።

«አትንገሪኝ» አሉ ጋሽ ተካ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ባቡሩ ከሩቅ ተሰማ፤ ጣታቸውን አነሱ። ሠላሳ ስድስት ተማሪ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ጸጥ አለ። ጣታቸው ሲወርድ ሁለታችንም ጻፍን። ክፍል ገብተን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኳቸው። የእኔ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ይላል፤ የእሳቸው ሁለት መቶ ሰባ አራት።

«ቲቸር፣ ትክክሉ የትኛው ነው?» አለች ፊት የተቀመጠች ተማሪ፣ እርሳሷን አዘጋጅታ።

«ሁለቱንም ጻፊያቸው» አልኳትና እኔም ሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን በጠመኔ ጻፍኩ።

ጋሽ ተካ ከመጨረሻው ወንበር፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጠው ነበር። «ሰብለ» አሉ ከዚያው ሆነው፣ «የእኔ አራት ቁጥር እግሩ አጥሯል። አስተካክይው።»